እሺ ያሰኘሁት ጨርቅ ተራ

በዚህ ገበያ ውስጥ እኔን እምቢ የሚል ሰው ገና አልተወለደም። ቁልፍ ልግዛ ብሎ የመጣውን ዚፕም ክርም አስይዤ ነው የምሸኘው። ዚፕ አልፈልግም ያለኝን ሰው እንኳ፣ የማይፈልገው የኛን ዚፕ ስላላየ መሆኑን አስረዳዋለሁ። እናቴ «ምላስሽ ጤፍ ይቆላል» ትለኛለች። ስድብ መሆኑ ነው። ሱቁ በደንበኛ ሲጨናነቅ ግን ከጓዳ የምትጠራው እኔን እንጂ የአክስቴን ልጅ አይደለም።

የአክስቴን ልጅ ጭምቷ እንላታለን። ስሟ አይደለም፣ ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አሁን አባቴ ሳይቀር በሱ ይጠራታል። ለትምህርት ብላ እኛ ቤት ከመጣች ጀምሮ አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። እሷ አስራ ሁለተኛን ጨርሳለች። እኔና ትምህርት ቤት ስድስተኛ ላይ ተለያየን፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተጣራም። በዚህ ቀንቼባት አላውቅም፣ እውነቴን ነው። ቅናት የጀመረኝ አጥኚዋ የመጣች ቀን ነው።

አጥኚዋ ከሱቃችን በላይ ያለውን ክፍል ለቢሮ የተከራየች ሴትዮ ናት። ፀጉሯ አጭር፣ ጫማዋ ጠፍጣፋ፣ ቦርሳዋ በወረቀት የተወጠረ። ሥራዋ የአዋጭነት ጥናት ይባላል። እናቴ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቃት ደረጃው ላይ ቆማ አስረዳቻት።

«በሀገሪቱ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ይከፈቱ የሚል ሐሳብ አለ። ልጆች ንግድን ከሥር መሠረቱ የሚማሩባቸው። ግን ሕንጻ ከመቆሙ በፊት ተማሪ ያገኛል ወይ፣ ተምሮ የሚወጣውንስ የሚቀጥር አለ ወይ የሚለው መታወቅ አለበት። እሱን ነው የምንጠይቀው።»

«ከሌለስ?» አለች እናቴ።

«ከሌለ አይከፈትም። እሱም መልስ ነው።»

እኔ ይሄን በአንድ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ዓይኔ በር ላይ የቆመችው መኪናዋ ላይ ነበር።

አጥኚዋ በገበያው ተራ ሁሉ እየዞረች ነጋዴውን የምትጠይቅላት ልጅ ፈለገች። በደንብ ከሠራች ወደ ሌሎቹም ከተሞች ይዣት እሄዳለሁ አለች። ሌሎቹ ከተሞች። እኔ ከዚህ ገበያ ርቄ የሄድኩት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ነው፣ እሱም ሰው ልሸኝ። «እኔ» ልል አፌን ስከፍት ዓይኗ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ቁልፍ በየመልኩ የምትለየው ጭምቷ ላይ አረፈ።

«ጽሕፈትሽ ይነበባል?»

«ይነበባል።»

አለቀ። ፈተናው ይሄ ነበር። በአንድ ቃል ተቀጠረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቷ ላይ ፎቶዋ ያለበት መታወቂያ ተንጠለጠለ። ፎቶው ላይ ቆንጆ ናት። ሰው በመታወቂያ ፎቶ ቆንጆ ሆኖ አያውቅም፣ ይሄ ለብቻው ያናድዳል። ጠዋት ስትወጣ እናቴ ኮሌታዋን ታስተካክልላታለች። የኔን ኮሌታ የምትነካው ስትጎትተኝ ብቻ ነው። ማታ ስትገባ አባቴ ወንበሩን ይለቅላትና «እስቲ የዛሬውን አጫውቺን» ይላታል።

«ደህና ነበር» ትላለች።

አባቴ ዜና እንደሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ብሆን እኮ ያንን ሁሉ ነጋዴ በየድምፁ እያወራሁላቸው ቤቱን በሳቅ አፈርሰው ነበር። ማን ጠየቀኝ።

አንድ ቀን እንዴት እንደምትሠራ ልይ ብዬ ጫማ ተራ ድረስ ተከተልኳት። ከተሰቀሉ ቦርሳዎች ኋላ ቆሜ አየኋት። ጫማ ሻጩን «ንግድ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ቢከፈት ልጅዎን ይልኩታል?» አለችው። ከዚያ ዝም። ሰውየው ጫማ አነሳ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ ጎረቤቱን አየ። እሷ ዝም። እኔ ብሆን በዚያ ዝምታ ውስጥ ሦስት ጥንድ እሸጥለት ነበር።

«አልልከውም» አለ በመጨረሻ። «ሱቁን ማን ይይዝልኛል?»

ጻፈችው። ከዚያ አመሰገነችው። እምቢ ያላትን ሰው አመሰገነችው። ይቺ ናት መኪና ውስጥ ከፊት ተቀምጣ ሀገር የምታየው?

ማታ አልጋ ላይ ነገርኳት። «ሰው ሁሉ እኮ እምቢ እያለሽ ነው። ትምህርት ቤቱን እየገደልሽው ነው።»

«ብርድ ልብሱን ልቀቂ» አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ከዚያ ጉንፋን ያዛት። ክፉ አልመኘሁላትም፤ ግን ጠዋት ድምፅዋ ተዘግቶ ሳገኘው ደረጃውን በሁለት በሁለት ነው የወጣሁት። አጥኚዋ ወረቀት እያስተካከለች ነበር።

«ዛሬ ጨርቅ ተራ ነው አይደል? እሷ ታማለች፣ እኔ እሄድልዎታለሁ» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «መጠየቅ ትችያለሽ?»

«ጨርቅ ተራን? እነሱ እኮ ደንበኞቻችን ናቸው።»

ሌላ ሰው አልነበራትም። «ሰው ያለውን ብቻ ጻፊ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አለችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። ቤት ወርጄ የጭምቷን መታወቂያ ከአልጋችን ራስጌ ካለው ሚስማር ላይ አነሳሁና ፎቶውን ወደ ደረቴ አዙሬ አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። ከሩቅ ማንም አይለየውም።

መጀመሪያ የገባሁት ጋሽ ሜትሬ ሱቅ ነው። ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው እንዲያ የሚባሉት። ሰርግ ቤትም በሜትራቸው ነው የሚሄዱት። ደንበኛ ይዘው ጨርቅ እየለኩ ነበር። እኔም ጀመርኩ። ትምህርት ቤቱ ባለ መስታወት እንደሆነ፣ አስተማሪዎቹ ባሕር ማዶ የተማሩ እንደሆኑ፣ ልጃቸው ከዚያ ስትወጣ ይሄን ሱቅ ሕንጻ እንደምታደርገው ነገርኳቸው። ጋሽ ሜትሬ ለክተው ቆረጡ፣ ተሳሳቱ፣ እንደገና ለኩ።

«ይልኳታል አይደል ጋሼ? እሺ ይበሉኝ እንጂ።»

«እሺ፣ እሺ።»

አዎ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ መጋረጃ ሻጯ ናት። እሷ የምር ጆሮዋን ሰጠችኝ።

«ዩኒፎርም አለው?»

«ሰማያዊ።»

«ምሳስ ያበላሉ?»

ምሳ አለው ሲሏት እምቢ የምትል እናት የለችም ብዬ፣ «ያበላሉ እንጂ» አልኳት።

እንዲህ እያልኩ ተራውን ከዳር እስከ ዳር አጸዳሁት። ጭምቷ ቀኑን ሙሉ የማትጨርሰውን እኔ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ጨርሼ ተመለስኩ። አጥኚዋ ወረቀቶቹን አገላበጠች፤ ቅንድቧ እየወጣ ሄደ።

«አንድም እምቢ ያለ የለም?»

«የለም። አጠያየቅ ነው።»

ወረቀቶቹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። እሱን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። ያን ሌሊት ጭምቷ እየሳለች እኔ ሻንጣ ስመርጥ አደርኩ። ሻንጣ የለኝም፤ የእናቴን ነው የመረጥኩት።

ጠዋት መጋረጃ ሻጯ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ታጥባ፣ ፀጉሯ በቅባት አብረቅርቆ፣ ቦርሳ አዝላ። እናትየው ትንፋሿ እየተቆራረጠ ደረጃውን ወጣች፤ እኔም ለጉዱ ብዬ ከኋላ ወጣሁ።

«ልጄን ላስመዘግብ ነው» አለች።

«የት?» አለች አጥኚዋ።

«እዚሁ ነዋ። ትምህርት ቤቱ።»

«ትምህርት ቤት የለም እኮ።»

«እንዴት የለም ይሉኛል? ምሳ ሳይቀር አለው ተብያለሁ።»

አጥኚዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መጋረጃ ሻጯ ነገሩ ሲገለጥላት ቦርሳውን ከልጇ ጀርባ አወረደችና እጇን ይዛ ሳታየኝ ወረደች። ልጅቷ ግን ዞር ብላ አየችኝ። እሱን እንኳ ባታደርገው ጥሩ ነበር።

እኔ ግን እጄን አልሰጠሁም። «አዩ አይደል ፈላጊውን?» አልኳት። «ጭምቷ ከጠየቀቻቸው ውስጥ ልጁን አጥቦ ያመጣ አለ?»

አጥኚዋ ቦርሳዋን አነሳች። «ነይ እስቲ። እሷንም ጥሪያት።»

ጭምቷ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ መጣች፣ ሦስታችንም ወደ ጨርቅ ተራ ወረድን። እኔ ነበርኩ ከፊት። በልቤ፣ አሁን የጨርቅ ተራ ሰው በገዛ አፉ ይመሰክርልኛል፣ መኪናው ውስጥ ማን እንደሚቀመጥም ይታያል እያልኩ ነበር። ጋሽ ሜትሬ ብቻቸውን ጨርቅ እየጠቀለሉ አገኘናቸው።

«ጠይቂያቸው» አለች አጥኚዋ፣ ለጭምቷ።

ጭምቷ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅዋ ያንኑ ጥያቄዋን ጠየቀች። ከዚያ ዝም። ጋሽ ሜትሬ ጥቅሉን አጠበቁ፣ መደርደሪያው ላይ አወጡት፣ አገጫቸውን አሹ። እኔን ዝምታው ሊገድለኝ ነው።

«ጋሼ፣ ትናንት እኮ...»

አጥኚዋ በእጇ ዝም በይ አለችኝ።

«አልልካትም» አሉ ጋሽ ሜትሬ። «ልጄ ነርስ ልሁን ነው የምትለው። ጨርቅ ስታይ ያዛጋታል። የምቀጥረውንም ቢሆን ከዘመድ ነው የማመጣው፤ የማላውቀው ሰው ልጅ ቢማርስ ምን ብዬ አምነዋለሁ?»

ጭምቷ ጻፈች፣ አመሰገነች። አጥኚዋ የኔን ወረቀቶች ከቦርሳዋ አወጣችና ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዘቻቸው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ተራውን እንደ አዲስ ጀምሪው» አለቻት ጭምቷን። «ሰኞ ወደሚቀጥለው ከተማ እንሄዳለን፣ ለአክስትሽ ንገሪያት።»

ጭምቷ ፈገግ እንኳ አላለችም። ደግሞ እኮ ፈገግ ብትል የምጠላበት ነገር አገኝ ነበር። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ከትናንት ጀምሮ ያላወለቅሁትን መታወቂያዋን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። ፎቶውን ወደ ፊት አዙራ አጠለቀችውና ከአጥኚዋ ጋር ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሄደች።

እኔ ከጋሽ ሜትሬ ባንኮኒ ፊት ቀረሁ።

«ጋሼ፣ ትናንት እዚችው ቆሜ እሺ አላሉኝም? ዓይን ዓይኔን እያዩ እሺ አላሉኝም?»

ጋሽ ሜትሬ ሌላ ጥቅል እያወረዱ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ብዬሻለሁ» አሉ። «እንድትሄጂልኝ ነዋ።»