ወለል የምትወለውለው ልጅ

«ነጩ ካምሪ የማን ነው? ቶው ሊያደርጉት፣ ጎትተው ሊወስዱት ነው።»

ባለታክሲው ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ሻያቸውን አስቀምጠው በሩጫ ወጡ። ለቅሶ ሊደርሱ የተሰበሰቡት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ሳቃቸውን ዋጡት። መድሃኒት አልሳቀችም። ትናንት እናቷን ወይዘሮ አፀደን ቀብራለች፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ታጣፊ ወንበር ላይ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች።

«የሙዚየሙ ሰዎች ግን ደወሉ?» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ፀሐይ። «አፀደ ስልኩን ትራሷ ስር አድርጋ ነበር የምትተኛው።»

«አልደወሉም።»

«ንቀት ነው። ጥቁር አሮጊት ምን ታውቃለች ብለው ነው።»

ሙዚየሙ ተሰደበ፤ መድሃኒት ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳበች።

ባለፈው ወር ነው፤ እናቷ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ የኤግዚቢሽን ማስታወቂያ አየች። ኦዴት ሞርቫን፣ ሠዓሊ፣ የልጆች መጻሕፍት ሥዕል ሠሪ። ፈረንሳይ ራሷ የረሳቻትን ሴት እዚህ አሜሪካ የደንቨር ሙዚየም አስታውሶ የዕድሜ ልክ ሥራዋን ሰብስቦ ሰቅሏል። «ማዳም ናት እኮ» አለች እናቷ። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤቷ ነው ያደግኩት።»

አብረው ሄዱ። አንድ ሥዕል ፊት እናቷ ቆማ ቀረች። አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ ተንበርክካ ወለል በሰም ትወለውላለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተቀዷል። ቀና ብላ ትስቃለች። ከሥሩ «ገረድ፣ አዲስ አበባ፣ 1957» የሚል ጽሑፍ አለ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቷ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ጉልበቴ እስኪላጥ አንበርክካኝ ስትስል እኔ በአማርኛ እሰድባታለሁ። እሷ የምዘፍንላት መስሏት ትወዛወዛለች። ሳቁ የዚያ ነው። ንገሪያቸው፣ ስሜን ይጻፉት።»

ጥቁር ሱፍ የለበሰች የሙዚየሙ ኃላፊ ቀረብ ብላ ምን ልርዳችሁ አለች። ሰው ዞሮ ያያቸዋል። መድሃኒት እንግሊዝኛዋን ከቴሌቪዥንና ከቤተ መጻሕፍት ለቃቅማ ያሳመረች፣ በአነጋገሯ ማንም እንዳይስቅባት ስትጠነቀቅ የኖረች ልጅ ናት። የተቀደደውን ትከሻ አየች። «ገረድ» የሚለውን አየች። የእናቷን ሳቅ ግን አላየችም።

«ይቅርታ፣ የምታውቃት ልጅ መስላት ነው» አለች በእንግሊዝኛ።

ሴትየዋ ለማንኛውም ብላ ካርዷን ሰጠቻት።

«ምን አለች?» አለች እናቷ።

«አጣርተን እንደውላለን አለች።»

እናቷ አመነቻት። ከዚያ በኋላ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገርበብ ታደርግ ነበር፣ ስልኩ ቢጠራ እንድትሰማ። ልቧ በድንገት ቀጥ ያለ ዕለትም ስልኩ አጠገቧ ነበር።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ እያለከለኩ ተመለሱ። ወሬው የት እንደደረሰ ሲሰሙ «ኤግዚቢሽኑ እኮ እሁድ ይዘጋል» አሉ። «ሥዕሉን ጭነው ሌላ ስቴት ይወስዱታል። ለምን አሁን አትደውይላቸውም?»

«ደውይ እስቲ» አሉ እትዬ ፀሐይ። «እኛም እንስማቸው።»

መድሃኒት ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ጠርዙ ተጣጥፏል። ውጭ ወጥታ መደወል ትችል ነበር። አልወጣችም።

ሴትየዋ አነሣች። መድሃኒት በእንግሊዝኛ ጀመረች። «ባለፈው ወር ከእናቴ ጋር መጥቼ ነበር። ያን ቀን የነገርኩሽ እሷ ያለችውን አይደለም። ‹እኔ ነኝ› ነበር ያለችው። እኔ አፈርኩባትና ለወጥኩት። አሁን ሞታለች።»

ከተሰበሰቡት እንግሊዝኛ የሚሰሙት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ብቻ ናቸው፤ ቀና አሉ። ከዚያ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ፀሐይ።

«ምንም... ስለ አፀደ ነው የምትነግራቸው» አሉ እሳቸው። «ለምን አልደወላችሁም እያለቻቸው ነው።»

በስልኩ ውስጥ ሴትየዋ የእናትሽን ስም ፊደል በፊደል ንገሪኝ አለቻት።

መድሃኒት ከወንበሯ ተነሣች። የስልኩን አፍ በመዳፏ ሸፈነች።

«ጋሼ፣ ያልኩትን ሙሉውን ይንገሯቸው» አለች።

መዳፏን አነሣችና ቆማ የእናቷን ስም ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረች።