በበጋ የተነደፈ መንደር

የልጅ ልጄ አለበል በሐምሌ ተመርቆ ሥራ በያዘ በጥቂት ወሩ፣ መሥሪያ ቤቱ «ለአዲሶቹ ተለማማጆች ስለ ዩኒቨርሲቲህና ስለ ሥራ ልምምድህ ንገራቸው» ብሎ አዘዘው። ሌላ አያት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወረደልኝም። አባቱ ደሞዝ፣ የወለድሁት ልጄ፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አንድ ነገር ተናገረ። በማግሥቱ መጥተው ወሰዱት፣ ይኸው እስከ ዛሬ። ሬሳውን እንኳ አላሳዩኝም። ስለዚህ ስብሰባ ሲባል እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ጥቁሩ ነጠላዬ ነው።

አለበል ጽፎ ሲጨርስ ባሕር ዳር ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠን «እምዬ፣ ስሚኝማ» አለኝ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቱን እያንገላታበት በጉልበቱ ተጭኖ ያነባል። መጀመሪያው መልካም ነበር። አዲስ አበባ እንደገባ ቀጥ ያለ መስመር በእጅ ለመሳብ ብቻ ስንት ጊዜ እንደፈጀ፣ መምህሩ «እንደገና!» እያለ እንዳስለቀሰው፣ ማደሪያ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም በአንድ አምፖል ሥር ተፋፍገው እንደሚሠሩ ይናገራል። መቀመጫ ንደፍ ሲባል የእኔን በርጩማ አስቦ ነው አሉ የነደፈው።

«በርጩማዬን ዩኒቨርሲቲ አስገባሃት?»

«ገባች እንጂ! ያውም ጥሩ ነጥብ አመጣች።»

«እኔስ ብገባ?»

«አንቺማ ትወድቂያለሽ። ገና ፈተናው ሳይመጣ በፍርሃት ታልቂያለሽ።»

ሳቅሁ። ቀጥሎ የሥራ ልምምዱ መጣ፣ ሳቄም ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን በመጨረሻው ዓመት ለጥቂት ወራት ወደ መሥሪያ ቤት ይልካል፤ በወረቀት የተማሩትን በሥራ እንዲያዩት። የሚልካቸው በበጋ ነው። አለበልን ወደ አገሩ ወደ ባሕር ዳር ሲልኩት እቤቴ ሊያድርልኝ ነው ብዬ እልል አልሁ። ጊዜው ገበሬው ከየጎጡ ተነሥቶ አንድ ላይ እንዲሰፍር የታዘዘበት፣ መንደር ምሥረታው የተጧጧፈበት ነበር። መሥሪያ ቤቱ ነዳፊ ቸግሮት ኖሮ፣ ከሐሙሲት ወዲያ ጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚሠራውን አንድ መንደር ሙሉውን ለእሱ ሰጠው። ሜትሩንና ካስማውን ይዞ ወረደ። ለጥ ያለ ሜዳ፣ አፈሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። ቤቶቹ ከመኪናው መንገድ ሲታዩ እንዲያምሩ በሰልፍ ይሁኑ ተብሏልና በሰልፍ አደረጋቸው።

አገርነሽ የምትባል ነፍሰ ጡር እርጎ ይዛለት መጣች።

«የኔ ወንድም፣ እዚህ ላይ ነው የምታሰፍሩን?»

«አዎ።»

«ክረምቱን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

እጁን ይዛ ሜዳው ላይ ከቆመው ሾላ ዛፍ ዘንድ ወሰደችውና ግንዱ ላይ የደረቀውን ጭቃ አሳየችው። ጭቃው ከወገቧ በላይ ነበር።

አለበል ይህን ለአለቃው ለጓድ አስማማው ነገረው። መንደሩ ወደ ጉብታው ይውጣ ብሎ ለመነው። አስማማው ምን አለው መሰላችሁ? «ልምምድ ላይ አይደለህም? ተለማመድ እንግዲህ!» ቀጥሎም «ነጥብህን ሞልቼ የምልከው እኔ ነኝ» አለው። ልጁም ነደፈ። ነጥቡ ጥሩ መጣ፣ ተመረቀ፣ እኔም ለምርቃቱ ቀሚስ አሰፋሁ፤ እዚያው አስማማው ዘንድ ተቀጠረ። በነሐሴ ጉማራ ሞላ። የአገርነሽን ሕፃን ከተኛበት ወሰደው።

«ይህን ሁሉ ልትናገር ነው?» አልሁት።

«ስለ ልምምድህ ንገር አሉኝ። ልምምዴ ይኸው ነው።»

«ስለ በርጩማዋ ንገራቸው! በርጩማዋ አትበቃም?»

«እምዬ፣ በዚህ ጥር ደግሞ አዲሶቹን ሜዳ ሊያወርዷቸው ነው። ‹ክረምቱን ጠይቁ› የሚላቸው አንድ ሰው እንኳ አይኑር?»

«ይኑር! አንተ አትሁን እንጂ።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የአባቱ እልህ ነው፣ አውቀዋለሁ። ጊዮርጊስ ሄጄ ደጀ ሰላሙን ተሳለምሁ፣ ጉሮሮውን ዝጋልኝ ብዬ ተሳልሁ። እንዲህ ያለ ስለት ለልጅ ይሳላል? ጊዜው ያስሳላል እንጂ።

ንግግሩን አለቃው አስቀድሞ ማየት ነበረበት፤ አየው። ልጄን ዛሬ ያዙት፣ ነገ ያዙት ስል፣ ቅዳሜ ዕለት ጓድ አስማማው ራሱ ብርቱካን በዘንቢል ይዞ ከች አለ። ቀረሶ የሚባለውን የሐይቃችንን ዓሣ ጠብሼ አቀረብሁለት። እሾሁን በጣቱ ቀስ አድርጎ እየለየ ይበላል፤ የረጋ ሰው ይመስላል።

«እማማ እናትዓለም፣ ፈርተዋል አሉኝ።»

«ጓድ፣ የቀረኝ ዘር እሱ ብቻ ነው።»

«ምን ያስፈራዎታል? እውነቱን ይናገር። ብቻ አነጋገሩን እናሳምረው። ‹አዘዙኝ› ከሚል ‹ተሳሳትሁ› ይበል። ግለ ሂስ ነው፤ እርስዎም በሴቶች ማኅበር ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ እንጂ! ጎረቤቴ ወለተ ሥላሴ በየስብሰባው ተነሥታ «ዘግይቼ በመምጣቴ ግለ ሂስ አደርጋለሁ» ትላለች፣ ይጨበጨብላታል፣ በሚቀጥለውም ዘግይታ ትመጣለች። በግለ ሂስ የታሠረ ሰው በቀበሌያችን አላየሁም። ልቤ መለስ አለልኝ።

አለበል ግን እጁን ከማዕዱ አነሣ። «የተሳሳትሁት እኔ ብቻ ነኝ ጓድ?»

«ማን አለ? አንተ ትጀምራለህ፣ እኔ ካንተ ቀጥዬ እነሣና የራሴን እናገራለሁ። ሁለታችንም ከተናገርን ማን ማንን ይነካል?»

«ይነሣሉ?»

«እናቴን! እነሣለሁ።»

ትልቁን ቀረሶ ወደ አስማማው ገፋ አደረግሁለት። ሲሄድም እስከ አጥሩ ሸኝቼ መረቅሁት። «አየህ፣ ሰው ነው» አልሁት አለበልን። «እንግዲህ እሱ ካለ…» ብሎ ወረቀቱን አወጣና እየሰረዘ ይጽፍ ጀመር።

በስብሰባው ቀን ወንበሩ ባዶ እንዳይታይ የእኛንም ማኅበር ጠርተውን ነበር። ወለተ ሥላሴ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ያን ዕለት አልዘገየችም። አለበል ወጣ። ስለ መስመሩ ተናገረ፣ ስለ አንዱ አምፖል ተናገረ፣ ስለ በርጩማዬ ሲናገር ተለማማጆቹ ሳቁ፣ እኔም ቀና ብዬ ተቀመጥሁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዩኒቨርሲቲ ንድፍ አስተማረኝ። ልምምዱ ደግሞ የምታውቀውን ሳትናገር መንደፍ አስተማረኝ። በበጋ ያያችሁትን ቦታ ክረምቱን ሳታዩ አትንደፉ። እኔ ነድፌያለሁ። ሰው ነግሮኝ ነድፌያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ተጨበጨበ። ጓድ አስማማው ተነሣ። ተመስገን አልሁ፣ ቃሉን ጠበቀ።

«የጓድ አለበልን ግለ ሂስ ሰማችሁ» አለ። «የጉማራው አደጋ በማን ጥፋት እንደደረሰ የበላይ አካል ሲጠይቀን ቆይቷል። ዛሬ ጥፋተኛው በጀግንነት ራሱን አጋልጧል። በቃለ ጉባኤ ይያዝልን።»

ተቀመጠ። ስለ ራሱ አንድ ቃል የለም። ጠበቅሁ፤ ምናልባት ውኃ ሊጠጣ ይሆናል፣ ምናልባት እንደገና ይነሣ ይሆናል ብዬ ዐይኔን ከእሱ ሳልነቅል ጠበቅሁ። አልተነሣም። ጭብጨባው ከበፊቱ በረታ። ወለተ ሥላሴ ጎኔን ጎሸም አድርጋ «ኧረ አጨብጭቢ! ልጅሽን ጀግና አሉት እኮ!» አለችኝ። አጨበጨብሁ። አለበል እዚያ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ከሥራው ላይ ወሰዱት። እኔም ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። አስማማው ተቀመጪ አላለኝም።

«እማማ፣ እኔ ምን አደረግሁ? በገዛ አፉ ነው የተናገረው።»

«እናቴን ብለህ ምለህ አልነበረም?» አልሁት። አንቱታው ያን ጊዜ ከአፌ ወደቀ።

«እናቴማ ከሞተች ቆየች» አለና ስልኩን አነሣ።

ፈረዱበት፤ አራት ዓመት። ተለማማጆቹም በዚያው ጥር ሜዳ ወረዱ። ከሐሙሲት ሽንኩርት የምታመጣ ደንበኛዬ በዓይኗ አይታ ነግራኛለች፤ አዲሱ ካስማ የተተከለው ከሾላው ብዙም አይርቅም።

እኔ በየእሑዱ ስንቁን ይዤ ወደ እስር ቤቱ እሄዳለሁ። ክረምቱ እንዲህ እያለ አለፈ። በኅዳር አንድ እሑድ አለበል ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ እየሳቀ መጣ። የደላው መስሎኝ ይበልጥ ፈራሁ።

«እምዬ፣ ሥራ አገኘሁ።»

«ከዚህ ሆነህ ምን ሥራ?»

«እስር ቤቱ ጠቦ ሌላ ቤት ሊያሠሩ ነው። ንድፉን ለእኔ ሰጡኝ።»

«ቦታው ውኃ ይተኛበታል?» አልሁት፤ ከአፌ አመለጠኝ።

«ጓሮው ይተኛበታል። ክረምቱን ሙሉ በመስኮት አየሁት፣ ሌላ ምን የማየው አለ? ለአዛዡ ስነግረው ‹እውነትህን ነው፣ ወደ ላይ አውጣው› አለኝ። አንድ ቃል አልተከራከረኝም።»

መሳቁን አላቆመም። እኔ አጥሩን ይዤ ቆምሁ።

«ስምህን አትጻፍበት» አልሁት።

«እሺ እምዬ። በሚመጣው እሑድ ግን ጠንካራ እርሳስ አምጪልኝ። እዚህ ያለው ለስላሳ ነው፣ መስመሩ ይወፍርብኛል።»

ወሰድሁለት። በር ላይ ዘበኛው ስለት ያለው ነገር አይገባም ብሎ ጫፉን ሰበረና አቀበለው።