ካውያው ያጠቆረው ቀጠሮ

«የት ነው እሳቱ?» ብዬ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ስገባ፣ የባልዲው ውሃ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሶ ነበር።

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ካውያውን እንደያዘ ደርቆ ቆሟል። «እሳት የለም» አለኝ።

«ታዲያ ‹ልጄን አቃጠልኳት› እያልክ ሰፈሩን የምታምሰው ምን ሆነህ ነው?»

ልጁን አየኋት። አልተቃጠለችም። አዲሱን ኮቷን ለብሳ መተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች፤ ፊቷ ግን የደም ጠብታ የለውም። በጣቷ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመችኝ። የመዳፍ ስፋት ያላት፣ ከሰል የመሰለች ወረቀት።

«ቀጠሮዬ ነው፣ እትዬ።»

ይህችን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ ፕሮፌሰር ነው የሚላት። እናቷ የሞተችባት በስድስት ዓመቷ ነው፤ በሰባት ዓመቷ የአባቷን ሜትር አንገቷ ላይ ጠምጥማ የእኔን ልጆች ፊደል ታስቆጥር ነበር። ዘንድሮ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ‹ነይ ተማሪ› የሚል ደብዳቤ መጣላት። የቀራት ቪዛው ነው። የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ዛሬ ለአራት ሰዓት፤ ይሄ ካለፈ ሌላ ቀን የሚገኘው ከሁለት ወር በኋላ፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከሦስት ሳምንት በኋላ። እኔ ሂሳብ አልወድም፣ ይሄ ግን ለእኔም ገባኝ።

አባትየው ደግሞ የተጨማደደ ነገር ማየት አይችልም። የእኔን ግንባር ሲያይ እንኳ እጁን ይበላዋል። ሰነዶቿ ቦርሳ ውስጥ ተጨማድደው ቢያገኛቸው፣ ስስ ጨርቅ እያለበሰ አንድ በአንድ ይተኩስላት ገባ። ደብዳቤውም፣ የትምህርት ማስረጃውም ቀጥ ብለው ወጡ። የቀጠሮዋ ወረቀት ግን ያ እንደ ሱቅ ደረሰኝ ከማሽን ተቀዶ የሚሰጠው ልሙጥ ዓይነት ነበር። ሙቀት ሲነካው ለካ ይጠቁራል።

«ፎቶ አላነሳሽውም?»

«የስልኬ ካሜራ ከተሰበረ ስንት ጊዜው።»

«ወደሰጡሽ ቢሮ ደውዪያ!»

«ስድስት ጊዜ ደወልኩ። አያነሱም።»

ሰዓቱን ሳይ ሁለት ከሩብ ነው። «እንሂድ» አልኳቸው። «አፍ ያለው ያወራል፤ እግዜር ያውቃል።»

ታክሲው ውስጥ እኔና እሷ ፊት ተቀመጥን፣ አባትየው ከኋላችን። ዞር ብዬ ባየው የልጁን ማጅራት ያያል። ዓይኑን አይነቅልም። መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣውም። ደንግጦ ነው ብዬ አዘንኩለት።

ሰልፉ ግንቡን ታክኮ እስከ ማዕዘኑ ደርሷል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። በዚያች ጠባብ በር የሚወጣውን ሁሉ ፊቱን እናነባለን። አንዱ ጎረምሳ ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣና ከመብራት ምሰሶው ጋር ተላተመ፤ ይቅርታ ጠይቆት አለፈ። ማንም አልሳቀም።

«እትዬ፣ ሁሉም ጠፋብኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። «‹ለምን ይህን ትምህርት መረጥሽ› ቢሉኝ መልሴ ምን ነበር?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው? ከስምንተኛ ክፍል ያለፍኩ መሰለሽ?»

ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አለ። እጇን ብይዘው የጉድጓድ ውሃ ነው። አባትየው አሁንም ከኋላዋ ነው፤ ዓይኑ አሁንም ማጅራቷ ላይ።

ተራችን ደረሰ። የበሩ ጥበቃ ወረቀቷን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አነሳው፣ ገለበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተተኩሶ ነው፣ ወንድሜ» አልኩ። ዩኒፎርም ሳይ እኔ ያላጠፋሁት ጥፋት ሁሉ ትዝ ይለኛል፤ ድምፄ ቀጠነ።

«ወረቀት?»

«አባቷ ልብስ ሰፊ ነው።»

«የቀጠሮ ቁጥርሽን በቃልሽ ታውቂዋለሽ?» አላት።

«ሰባት... ዜሮ፣ ሁለት... ስሜን እዩልኝ፣ ፓስፖርቴ ይኸው።»

«ዝርዝሩ ላይ ስም የለም፣ እህቴ። ቁጥር ብቻ ነው። ወደ ጎን በይ። ቀጣይ!»

ወደ ጎን አለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከኋላችን የነበረችው ሴት ወረቀቷን ዘርግታ ገባች። ከዚያ ሌላ ሰው። የጥበቃው ሰዓት ለአራት አምስት ጉዳይ ይላል። ልጅቷ ቀስ ብላ ዞራ አባቷን አየችው።

የአባትየው አፍ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ።

«ኮትሽን አውልቂ» አላት።

«ምን?»

«አውልቂው።»

የዚህ ሰው የሥራ ልማድ እንዲህ ነው፤ ጨርቅ ሲመጣለት ቁጥር ካለው ደረሰኝ ጋር በስፒል ያይዘዋል፣ ልብሱ ሲሰፋ ደግሞ ቁጥሩን በክር አንገቱ ስር ይጽፈዋል፣ የሰው ልብስ ከሰው ልብስ እንዳይደባለቅበት። ፕሮፌሰሯ የኮቷን ጨርቅ ስታመጣለት ቀኑን እንዳይረሳው ብላ ያያዘችበት ያችን የቀጠሮ ወረቀት ነበር። እሱም እጁ እንደለመደው ቁጥሩን ሰፋ።

ተቀብሏት የኮቱን አንገት ገለበጠው። በነጭ ክር፣ ከሰባት ጀምሮ ዘጠኝ አኃዝ።

ጥበቃው ኮቱን አየ፣ እሱን አየ፣ ኮቱን አየ። ጣቱን ዝርዝሩ ላይ አስጉዞ አንድ ቦታ አቆመ። አኃዞቹን አንድ በአንድ አመሳከረ፤ እኔም አብሬው ቆጠርኩ።

«ግቢ» አላት።

አንዱን እጅጌ ሳታስገባ ሮጣ ገባች። በሩ ተዘጋ።

እኛ ከግንቡ ስር ቆመን ቀረን። ያ በር ተከፍቶ ምን ይዛ እንደምትወጣ እንጃ። ባዶ አፍ ፍርሃት ይጠራል ብዬ ወሬ ጀመርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተባረክ። ለመሆኑ ቁጥሩ ኮቱ ላይ እንዳለ ትዝ ያለህ መቼ ነው?»

ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል ከራሱ ኮሌታ ላይ የተንጠለጠለ ክር በጥሶ ጣለ።

«ታክሲው ውስጥ» አለ። «ገና ስንነሳ። እሷም ከሄደች ብቻዬን ነኝ።»