ማንም ያልጨመቀባት ጥንቸል

ማሬ ታላቅ እኅቷን ወለተ ሐዋርያትን ካኮረፈች ዓመታት ተቆጥረዋል። ያኔ ማሬን ምች መትቷት ግራ ዐይኗ ደም መሰለ። እኅቷ ሮጣ ከደጇ ዳማከሴ ቀጠፈች፤ ቅጠሉን አሸችና ዐይኗ ውስጥ ጨመቀችባት። ብሌኑ ላይ ነጭ ጣለ፤ እንደዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማሬ «እታለም» ብላ ጠርታት አታውቅም። የንስሐ አባታቸው ሊያስታርቋቸው ቢመላለሱ አልሆነላቸውም። ወለተ ሐዋርያት ዳማከሴዋን ከነሥሩ ነቅላ ጣለች ሲሏት እንኳ «ዐይኔን ካጠፋች በኋላ» አለች።

ኋላ ማሬ ደብረ ማርቆስ ከአንድ የምርምር ቤት ጥንቸል ጠባቂ ሆና ገባች። ጎረቤቶቿ «ለማይበላ እንስሳ ጎመን ስትቀነጥሺ ዋይ» እያሉ ይስቁባታል። እሷ ወደደቻቸው። ዶክተር አስማማው የምችን ቫይረስ ጥንቸሎቹ ዐይን ላይ አድርጎ መድኃኒት ይሞክራል። ሲመረምር ማሬ እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጭንቅላታቸውን ብቻ አውጥታ ትይዝለታለች።

ሙሽሪት ያለቻት ነጯ ጥንቸል ለማነጻጸሪያ መድኃኒት ከማይሰጣቸው ወገን ነበረች። ዐይኗ ቀላ፣ ዳነ፣ ደግሞ ቀላ። አንድ ጠዋት ማሬ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየቻት።

«ዶክተር፣ ማነው ዳማከሴ የጨመቀባት?»

«እዚህ ቤት ቅጠል የት አለና፣ እትዬ ማሬ?»

«ታዲያ ይሄ ነጭ የእኔን አይመስልም?»

ዶክተሩ የጥንቸሏንም የእሷንም ዐይን አየ። «ቁርጥ የእርስዎን። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና እየተመለሰ ያቆስላል፤ ይሄ ጠባሳው ነው። ቅጠል ዐይን ውስጥ አይጨመቅም። ሳይጨመቅም ግን እንዲህ ይሆናል።»

«የእኔም እንዲያ ነው?»

«ያኔ አላየሁዎትም። ይመስለኛል።»

ማሬ በቃል የምታምን አይደለችም። መድኃኒት ያልተሰጣቸውን አንድ በአንድ እያነሣች ስታይ ዋለች። ነጭ የጣለባት ሙሽሪት ብቻ አልነበረችም።

ቅዳሜ፣ ከጎረቤት የዳማከሴ ቅርንጫፍ ቆርጣ እኅቷ ደጅ ደረሰች። ወለተ ሐዋርያት ምስር ትለቅማለች።

«ምን እግር ጣለሽ፣ የጥንቸል ሞግዚት?»

«መቆፈሪያ አምጪ።»

«ምን ልትቀብሪ?»

«አምጪ አልኩሽ፣ እታለም።»

የወለተ ሐዋርያት እጅ ምስሩ ላይ ቀረ። ከዚያ ተነሥታ አመጣችላት።

ማሬ ዳማከሴው ከተነቀለበት ላይ ቆፈረች። «ዐይኔን ያጠፋሽው አንቺ አይደለሽም። አንዷ ጥንቸል ማንም ሳይጨምቅባት ዐይኗ እንደኔው ሆነ።»

«ጥንቸል አስታረቀችን በይኛ።»

«ሰውማ አቃተው።» ቅርንጫፉን ተክላ አፈሩን በእግሯ ረገጥ ረገጥ አደረገች። «ለራስ ምታት ነው። ለዐይን ስትቀጥፊ ባይሽ እጅሽን ነው የምቀጥፈው። አሁን ውሃ አምጪ።»