ጠርሙሱ ያላሳየው

አማረች ልጃችንን ይዛ ወደ እናቷ አገር፣ ወደ አንኮበር፣ ከሄደች አሥራ አንድ ወር ሆኗታል። ስትሄድ አልተጣላንም። በባቡሩ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ሐዲስ፣ ጥሩ ውሃ አገኘሁ ስትለኝ እመጣለሁ። ግን ራስህ መርምረህ እንጂ ሰው ነገረኝ ብለህ አትጻፍልኝ» አለችኝ።

አልፈርድባትም። የመጀመሪያ ልጃችን በ1921 ዓመተ ምሕረት ክረምት ተቅማጥ ይዞት በአራት ቀን ሞተ። ያን ጊዜ የምንጠጣው በአህያ እየተጫነ የሚመጣውን የአዋሽን ውሃ ነበር። በበጋ ደህና ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን የጠላ አተላ ይመስላል። ሁለተኛው ልጅ ተወልዶ ሦስት ወር ሲሞላው ሰማዩ ማጉረምረም ጀመረ፤ አማረችም ጓዟን ጠቀለለች። እኔ የአዳማ ባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነኝ። እንጀራዬ አሰረኝና ቀረሁ።

ቀን ቀን ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ ጋር በሽቦ እነጋገራለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ደህና ዋልህ የሚለኝ የለም። አማረች በሄደችበት ቀን አጥባ የደፋችው ብርጭቆ እስከ ዛሬ እንደተደፋ ነው። በሚያዝያ ወር፣ «ስድስት ጥርስ አብቅሏል፤ ጣት ይነክሳል» ብላ በቄስ አጽፋ ላከችልኝ። ያንን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

ከዚያ በፊት ሁለት ጉድጓዶች መርምሬ ትቻለሁ፤ የአንዱ ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ የሌላው ይሸታል። ሦስተኛው የእትዬ ዲንቄ ጉድጓድ ነበር። እትዬ ዲንቄ ከእኔ በሦስተኛው አጥር የሚኖሩ የኦሮሞ ባልቴት ናቸው፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት ሟቹ ባላቸው አቶ ወዬሳ ነበሩ።

ውሃውን በጠርሙስ ቀድቼ መስኮት ላይ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት፤ ከሥሩ አንዲት ቅንጣት አልዘቀጠችም። ነጭ አቡጄዲ ነክሬ አደረቅሁ፤ ምልክት የለም። ሳሙና ገና ሲነካው አረፋ ያወጣል። ምስር ቀቀልኩበት፤ በሌላው ጉድጓድ ውሃ ግማሽ ቀን ጠጠር ሆኖ የሚቆየው ምስር፣ ለምሳ ደረሰልኝ። ሁሉንም ቀኑን እየጠቀስኩ በደብተር ጻፍኩ።

«አካም ቡልተን፣ እትዬ ዲንቄ» እያልኩ በየማለዳው ማሰሮዬን ይዤ ስገባ ይስቁብኛል።

«መጣ ደግሞ! እኔ ወዬሳን ሳገባ እንኳ እንዲህ አላጣራሁም።»

«ውሃ ነው፣ እትዬ። አይፍረዱብኝ።»

«ውሃማ ይጠጣል። አንተ የያዝከው ሙሽራ ነው። እንግዲህ የቀረህ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ነው!»

ልጃቸው ቡዜ አሥራ ሰባት ዓመት ይሆናታል። እናቷ ሲስቁ እሷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ ታደርጋለች፤ ስታናግረኝም እንደዚያው። በእኛ አገር በደንብ ያደገች ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አፏን ሸፈን አድርጋ ነው የምትናገረው። እኔም ጨዋነቷን በልቤ አመሰግን ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ጻፍኩ። «አማረች፣ ውሃው ተገኝቷል። አራት ዓይነት ፈተና ፈተንኩት፤ አንድም ነውር የለበትም። ዝናብ ሳይጀምር ነይ።» አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር የሚያልፈው በነጋታው ነው። ከሥራ ስወጣ ምሥራቹን ልነግር ወደ እትዬ ዲንቄ ግቢ ጎራ አልኩ።

ቡዜ ውሃ እየሳበች ነበር። ባልዲው አፋፉ ላይ ሲደርስ አንዲት ዶሮ በእግሮቿ መካከል ገባች፤ ባልዲው ዘመመና ውሃው በዶሮዋ ላይ ተከነበለ። ዶሮዋ ውርደቷን ተሸክማ ስትሮጥ ቡዜ ከልቧ ሳቀች። ባልዲው እንዳይወድቅ ሁለቱም እጆቿ ገመዱን ይዘዋል። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው።

ጥርሶቿ የትንባሆ ቀለም ነበራቸው። የፊተኞቹ እንደ ዛገ ብረት ተበልተዋል።

ሳቋ ተቋረጠ። ማየቴን አየች። ባልዲውን አስቀምጣ ነጠላዋን ስትስብ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

እትዬ ዲንቄ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የእሳቸው ጥርስ ነጭ ነው፤ ሲስቁ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

«እኔ የጭላሎ ደጋ ልጅ ነኝ» አሉ ሳልጠይቃቸው። «ጥርሴን አብቅዬ ነው የመጣሁት። ከዚህ ጉድጓድ ጠጥቶ ያደገ ግን እንደምታየው ነው። ታላላቆቿም እንዲሁ ናቸው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ፣ ልጄ። አንተ ውሃውን ጠየቅኸው፤ እሱም ደህና ነኝ አለህ።» አሉ። «ደግሞስ አይገድልም። ማንንም አልገደለም።»

«ሊያጩኝ ከደራ የመጡትን ሽማግሌዎች ግን መልሷል» አለች ቡዜ ከነጠላዋ ውስጥ። እናቷ ሊቆጧት ሲሉ ወደ እኔ ዞረች። «አይሳቀቁ፣ ጋሼ። ለልጅዎ ብለው ነው ያዩኝ።»

«የአዋሽ ዳር ልጆችስ?» አልኩ።

«የእነሱ ነጭ ነው። ሣር ሊሸጡ ገበያ ሲመጡ አያለሁ» አለች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሁልጊዜ አያለሁ» አለች።

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ያልዋሸሁበት ደብዳቤ ነው፤ ፈተናው ሁሉ እዚያ ደብተር ውስጥ አለ። እንዳለ ብልከው ልጁ በሁለት ሳምንት ውስጥ በዚህ ወለል ላይ ይሮጣል። ጥርስ ያጠቁራል እንጂ አይገድልም ተብያለሁ። አማረችም የምታውቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ አብረን እንኖራለን። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ቶሎም አልተውኩትም። ነገር ግን «መርምር» ያለችኝ ለእኔ እንዲመቸኝ አልነበረም።

ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ። የቡዜን ስም ሳላነሳ ያየሁትን ነገርኳት። ቀጥዬም እንዲህ አልኩ፦ «አንዱ ውሃ ልጃችንን ወሰደ፣ ሌላው ጥርስ ይወስዳል። የባቡሩ ሐኪም የአዋሽን ውሃ አዝቅጦና አፍልቶ የጠጣ አይታመምም ይላል። ያን ጊዜ አላፈላንም ነበር። እንግዲህ ክረምቱን ሙሉ እኔ እጠጣዋለሁ፤ ልጃችን በሞተበት ወርም ጭምር። ለመስቀል ደህና ሆኜ ከጻፍኩልሽ ነይ። እስከዚያ አትምጪ።»

ጠዋት ለባቡሩ ሰው ሰጠሁትና ጭሱ በሞጆ አቅጣጫ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት።

በዚያው ሳምንት ከአህያ ጫኞቹ የአዋሽ ውሃ ገዛሁ። ጋን ውስጥ አስቀምጬ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ ጭቃው አንድ ስንዝር ያህል ዘቀጠ። የላዩን ቀስ ብዬ ቀዳሁ፣ በአቡጄዲው አጠለልኩ፣ እስኪንተከተክ አፈላሁ፣ አቀዘቀዝኩ። በብርጭቆዬ ቀድቼ ጠጣሁ። አፈር አፈር ይላል። የአማረችን ብርጭቆ እንደተደፋ ተውኩት።

ደብተሩን ገልጬ አዲስ ገጽ ላይ «ሰኔ ፯፤ አንድ ብርጭቆ፤ ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ጣሪያው ላይ ዝናብ መንጠባጠብ ጀመረ።