የብሎክ ሰባት ዲሾች

ሮሐ ሸጎሌ ሰፈር ላይ ከታክሲ ወርዳ ቀና ስትል ብሎክ ሰባት ራቁቱን ቆሟል። ኧረ በእመብርሃን! ዲሾቹስ? ሃያ ሦስት ዲሽ እኮ ነው! ባለፈው ወር አቧራው ላይ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ፎቶ ያነሳቻቸው፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ፣ ማታ በፕሮጀክተር ብርሃን እያንዳንዱ ዲሽ ላይ ልክ በልኩ አንድ አበባ እንዲፈነዳ አድርጋ የሠራችላቸው! አሁን ግድግዳው ላይ የቀረው ዝገትና የተንጠለጠለ ገመድ ብቻ ነው።

"ጋሽ ኡርጌሳ!"

የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ኡርጌሳ ከረባታቸውን አስረው፣ ፈገግታቸው ጆሯቸው ጋ ደርሶ መጡ። "አየሽልኝ ልጄ? ትናንት ስብሰባ ጠርቼ፣ ቤታችን በብርሃን ሊታይ ነው፣ ይሄን ኮተት አውርዱ አልኩ። ሙሽራ አይመስልም?"

"ምንም እንዳትነኩ ብዬዎት አልነበር?"

"እሱማ ይሉኝታ ይዞሽ መስሎኝ! ማን እንግዳ ነው ቤታችሁን አጽዱልኝ የሚለው?"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ የሠራሁት ለኮተቱ ነው!"

ጋሽ ኡርጌሳ ግድግዳውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ምንም አልገባቸውም። በቃ፣ ማልቀስ ነው የቀራት።

ሲመሻሽ አለቃዋ ሰምሀል ፕሮጀክተሩን ለሙከራ አበራችው። ምን ዋጋ አለው! አበቦቹ ግማሹ መስኮት ላይ፣ ግማሹ ባዶ በረንዳ ውስጥ ገብተው የተደፋ ሽሮ መሰሉ። ሰምሀል ሰዓቷን አየች። "ሮሒዬ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እንጀምራለን። እስከዚያ ካልተስተካከለ የስፖንሰሩን የዘይት ማስታወቂያ ነው የምለቀው።"

ዘይት! የሮሐ የመጀመሪያ ሥራ፣ ጓደኞቿን በሙሉ የጠራችበት፣ በዘይት ሊተካ!

ደረጃውን በሩጫ ወጣችው። አራተኛ ፎቅ እትዬ ሙሉ ዲሻቸውን አልጋ ሥር ከተውታል።

"እትዬ፣ ይመለስልኝ፣ እባክዎ!"

"አውርዱ ስትሉ አወረድን፣ ስቀሉ ስትሉ ደግሞ ልንሰቅል? እኔ የሰርከስ ልጅ ነኝ? የዲሽ ሠራተኛው አቅጣጫ ሲፈልግ እኮ ቀኑን ሙሉ ነው የሚውለው!"

"ቻናል አያስፈልገውም! ቦታው ላይ ይሁን ብቻ!"

"ማን ይስቀለዋ?"

"እንግዲያው በእጅዎ ይያዙት!" ሮሐ ይሄን ያለችው ተናዳ ነው፣ የምሯን አይደለም።

እትዬ ሙሉ ግን አሰቡበት። "ልያዘው?" ዲሹን ጎትተው አወጡና በረንዳው ላይ እንደ ሕፃን ታቀፉት። ጎረቤታቸው መሳይ አንገቱን አወጣ። "እትዬ ሙሉ፣ ደህና ነዎት?"

"አበባ ሊበራብኝ ነው! ያንተንም አምጣ!"

በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል በየበረንዳው ዲሽ የታቀፈ ሰው ተኮልኩሏል። ሮሐ ታች ወርዳ ማይኩን ይዛ በሞንታርቦው እየጮኸች ነው። "ሦስተኛ ፎቅ ከፍ! ኧረ በጣም በዛ! ሁለተኛ ፎቅ ወደ ግራ... የእኔ ግራ! መሳይ፣ የስልክህን መብራት አጥፋ!"

የሰምሀል ጣት የዘይቱ ማስታወቂያ ቁልፍ ላይ ነበር። ጣቷን አነሳችና የሮሐን ተጫነች።

ሃያ ሦስቱም ፈነዱ! ቢጫ፣ ቀይ፣ ትንሽ እየተንቀጠቀጡ፣ ሰው የያዛቸው ናቸዋ! ታች የቆመው ሕዝብ እልል አለ። ሮሐ ገና ትንፋሿን ሳትሰበስብ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዱ አበባ ድርግም።

"አራተኛ ፎቅ! እትዬ ሙሉ! የት ሄዱ?"

"መጣሁ!" የሚል ድምፅ ከጀርባዋ። እትዬ ሙሉ በነጠላ ጫማ፣ እያለከለኩ። "ሁሉም ሲያይ እኔ የዲሹን ጀርባ ታቅፌ ልቁም እንዴ? በይ አሳዪኝ፣ የኔ የቱ ነው?"

"ጨለማው ነዋ፣ እትዬ! ጨለማው!"