ሦስቴ የመጣው የሽርጥ ትእዛዝ

ታናሽየዋ ፕሮግራመር ናት፤ ታላቅየዋ ልብስ ሰፊ። ታናሽየዋ ኢሜይልን ከሚጠራቀምበት ሰርቨር አውርዶ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሠርታ በነጻ ለቃዋለች። ተጠቃሚው ሲበዛ ጥያቄውም በዛና መመሪያ ልትጽፍለት ተቀመጠች። የሰርቨሩ ስም የት እንደሚሞላ፣ የይለፍ ቃሉ የት እንደሚገባ፣ በየስንት ደቂቃው መልእክት እንደሚፈትሽ አሰፈረች። "የሚታወቁ ጉድለቶች" የሚለው ርዕስ ላይ ስትደርስ ግን አመነታች። ኢንተርኔት መሀል ላይ ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ያወረደውን ረስቶ እንደገና እንደሚያወርድ ታውቃለች። "የገዛ ልጁን አመል አደባባይ የሚያወጣ ማን አለ?" አለችና "እስካሁን የለም" ብላ አለፈችው።

መመሪያውን መጀመሪያ የሞከረችው እህቷ ናት። እያነበበች ሁሉንም ሞላች፤ ሠራላት። "እሰይ የእኔ ጎበዝ!" ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

ብዙም ሳይቆይ ደወለችላት። "አንቺ፣ ደንበኛዬ ዳቦ ጋጋሪው አብዷል! ስድስት ሽርጥ ብሎ በኢሜይል አዘዘኝ፣ ደግሞ ሌላ ስድስት፣ አሁንም ሌላ ስድስት። ጨርቁን ቆርጬ ጨረስኩ።"

ታናሽየዋ የዘለለችው ጉድለት ትዝ አላት። "እትዬ፣ ኢንተርኔት ተቆራርጦብሽ ነበር እንዴ?"

"እንደ ጉድ ነዋ! ምነው?"

ታናሽየዋ እህቷ ጋ በሩጫ ሄደች። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተከምሯል። ሦስቱን መልእክቶች ከፍታ አሳየቻት፤ የተላኩበት ሰዓት ሳይቀር አንድ ነው።

"ታውቂ ነበር?" አለች ታላቅየዋ።

"አውቅ ነበር። አፍሬ ነው ያልጻፍኩት።"

"አፍሬ ትላለች ደግሞ! ለሰውዬው አሁን ምን ልበለው?" ብላ ልትቆጣ ስትል ሳቋ አመለጣት። ሁለቱም ክምሩ ላይ ተደፍተው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ዳቦ ጋጋሪው ጉዱን ሲሰማ ከሁለቱም ብሶ ሳቀ። "መቀየሪያ ማዘዜ መች ይቀራል? ሁሉንም ስፊልኝ" አለ።

ታናሽየዋ የዚያኑ ዕለት የመመሪያውን ገጽ ልታስተካክል ተቀመጠች። "በግንኙነት መቆራረጥ ሳቢያ ተደጋጋሚ የማውረድ ክስተት ሊስተዋል ይችላል" ብላ ጽፋ ስታነብላት እህትየዋ መቀሷን አስቀመጠች።

"ይሄ ዜና ነው መመሪያ? እንደ ሰው ጻፊው እንጂ!"

ተጋግዘው እንዲህ ጻፉት፦ "ኢንተርኔት ከተቋረጠ አንድ መልእክት ደጋግሞ ሊመጣ ይችላል። ጨርቅ ከመቁረጥዎ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ያስተያዩ።"

"እትዬ፣ ጨርቅ የማይቆርጥስ?"

"እሱም ይገባዋል።"

ተጠቃሚዎቹም ገባቸው። አንድ የእንስሳት ሐኪም "አንዲት ላም ሦስቴ ታመመች ሲሉኝ አእምሮዬን ተጠራጥሬ ነበር" ብሎ ጻፈ። የማያውቁት ፕሮግራመር ደግሞ ስህተቱን ከነማስተካከያው ፈልጎ ላከላቸው፤ "ባትናገሩ ኖሮ ማን ይፈልገው ነበር?" ብሎ።

ማስተካከያው ሊሞከር ሲል ታላቅየዋ የኢንተርኔቱን ገመድ ቀደም ብላ ያዘች። "መንቀሉን ለእኔ ተዪው!" መልእክቱ መውረድ ሲጀምር ነቀለችው፤ ሰካችው፤ ደግማ ነቀለችው።

"እትዬ፣ በቃ!"

"ቆይ፣ አንዴ ብቻ!"

በመጨረሻ ሲሰካ መልእክቱ አንድ ብቻ ሆኖ ገባ። ታናሽየዋ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። ታላቅየዋ ግን ገመዱን እንደያዘች ዙሪያዋን ቃኘችና "ሌላ የሚነቀል ነገር የለም?" አለች።